ጥላን የመቅረጽ ጥበብ፤ ከመቀስ እስከ ዲጂታል ካሜራ

«ሲሉዌት» የሚለው ቃል፣ ጀምበር ስትጠልቅ በምዕራብ ሰማይ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ጥቁር ቅርጽ ከመሰየሙ በፊት፣ የአንድ የገንዘብ ሹም ስም ነበር። ኤቲየን ደ ሲሉዌት በ1709 ተወልዶ በ1767 የሞተ ፈረንሳዊ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1759 የንጉሥ ሉዊ 15ኛ የገንዘብ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚያን ጊዜ የሰባቱ ዓመት ጦርነት የንጉሡን ግምጃ ቤት አራቁቶት ነበር። ሹሙ ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ሲያሰላ ዓይኑን ወደ ባለጸጎቹ አዞረ፤ በሀብት ምልክቶች ላይ ግብር ጣለ፤ የወርቅና የብር ዕቃ እየቀለጠ ገንዘብ እንዲሆን አዘዘ። የባለጸጎቹ መልስ አልዘገየም። ገና በተሾመ በስምንተኛው ወር ገደማ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ስሙም ርካሽና ጎዶሎ ለሆነ ነገር ሁሉ መዘባበቻ ሆኖ ቀረ። ከቀለም ሥዕል ይልቅ በጥቁር ወረቀት ተቆርጦ የሚሠራው የሰው የጎን መልክ ስሙን የወረሰው በዚሁ ፌዝ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ሰውየው ራሱ በትርፍ ጊዜው ጥላ እየቆረጠ ይዝናና ነበር የሚሉም አሉ። የትኛውም እውነት ይሁን፣ ሠዓሊ ቀጥሮ መልኩን ለማስነሣት አቅም ያልነበረው ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ምስል በግድግዳው ላይ የሰቀለበት ጥበብ፣ ባለጸጎች ባወጡት የስድብ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል።

ነገሩ ራሱ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ እንደ ጻፈው፣ የሲክዮን ከተማ ሸክላ ሠሪ የነበረው የቡታዴስ ልጅ፣ የምትወደው ወጣት ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ በተነሣ ጊዜ፣ የመብራት ብርሃን በግድግዳ ላይ የጣለውን የፊቱን ጥላ በመስመር ከበበችው። ይህ አፈ ታሪክ ነው። ነገር ግን ሥዕል የተወለደው ሊለይ ካለ ሰው ጥላ ነው ብሎ ማሰቡ ራሱ፣ የጥንት ሰዎች ስለ ጥላ ምን ያህል አጥብቀው ያስቡ እንደነበር ያሳያል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ጥላን መንደፍ በአውሮፓ ቤቶች ውስጥ የምሽት ጨዋታ ሆነ። ሰውየው በወንበር ላይ በጎኑ ይቀመጣል፤ ከወዲያ ሻማ ይበራል፤ ከወዲህ ዘይት የጠጣ ስስ ወረቀት በክፈፍ ተወጥሮ ይቆማል፤ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ነዳፊ የጥላውን ዙሪያ በእርሳስ ይከተላል። በዚህ ቀላል መሣሪያ ላይ የተሠሩ ሰዎች፣ ዛሬም ካሜራ ለያዘ ሰው የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን ተገንዝበው ነበር። አንደኛው፣ ብርሃኑ ከሰውየው በስተጀርባ እንጂ በፊቱ መሆን እንደሌለበት ነው። ሁለተኛው፣ የጥላው ጠርዝ እንዲጠራ የብርሃኑ ምንጭ አነስተኛ፣ ሰውየውም ለወረቀቱ የቀረበ መሆን እንዳለበት ነው። ሰውየው ወደ ሻማው በተጠጋ መጠን ጠርዙ ይደበዝዛል፤ አፍንጫና ከንፈርም ይቀላቀላሉ። የዙሪኩ ቄስ ዮሐን ካስፓር ላቫተር ከ1775 እስከ 1778 ባሳተማቸው መጻሕፍት፣ የሰው ጠባይ ከጎን መልኩ ይነበባል ብሎ በመስበኩ ይህ ልማድ ይበልጥ ተስፋፋ። የላቫተር አስተሳሰብ ሳይንስ አልነበረም። የሰውን ክብር በግንባሩና በአገጩ ቅርጽ የሚመዝን ትምህርት በኋለኛው ዘመን ለማን እንዳገለገለ ደግሞ ታሪክ ያውቀዋል።

ከላቫተር ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ሰው የፊላደልፊያው ሞሰስ ዊልያምስ ነው። ዊልያምስ የተወለደው በ1777 አካባቢ ሲሆን፣ ወላጆቹ የታዋቂው ሠዓሊ የቻርልስ ዊልሰን ፒል ባሮች ነበሩ። ፒል ወላጆቹን በ1786 ነጻ ሲያወጣ ልጁን በእጁ አስቀረው። ሞሰስ ያደገው ከፒል ልጆች ጋር በአንድ ቤት ነው። የፒል ወንዶች ልጆች ስማቸው እንኳ ራፋኤል፣ ሬምብራንት፣ ሩበንስ፣ ቲሺያን ነበር፤ አባታቸው የአውሮፓን ታላላቅ ሠዓሊያን ስም አውጥቶላቸው ብሩሽና ቀለም አስጨበጣቸው። ለሞሰስ ብሩሽ አልተሰጠውም። በ1802 የፒል ሙዚየም የጎን መልክን የሚነድፍ አዲስ መሣሪያ ባስመጣ ጊዜ የተሰጠው ያ መሣሪያ ነው፤ ነጻነቱንም ያገኘው በዚሁ ጊዜ ገደማ ነው።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነበር። አንድ ዘንግ በተቀማጩ ፊት ጠርዝ ላይ ከግንባር እስከ ደረት እየዳሰሰ ሲወርድ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሹል ጫፍ ቅርጹን አሳንሶ በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመቀሱ ነው። ዊልያምስ መስመሩን ተከትሎ የወረቀቱን መሀል ቆርጦ ያወጣና ቀዳዳውን በጥቁር ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ ያነጥፈዋል፤ ወረቀቱ የታጠፈ በመሆኑም በአንድ ጊዜ ብዙ ቅጂ ይገኛል። ዘንጉ የማይደርስባቸውን የሽፋሽፍት ጫፍና የጸጉር እጥፋት የሚጨምረው የቆራጩ እጅ ብቻ ነው። ዋጋው ስምንት ሳንቲም ነበር። በ1803 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከስምንት ሺህ በላይ ቅርጾች ቆርጧል። ከዚህ ሥራ ባገኘው ገንዘብም ቤት ገዛ። ነገር ግን ከእጁ በወጡት ወረቀቶች ላይ የታተመው ማኅተም የሙዚየሙ እንጂ የእርሱ አልነበረም። «የጎን መልክ ቆራጩ ሞሰስ ዊልያምስ» የሚል ጽሕፈት ያለበት አንድ ሲሉዌት እስከ ዛሬ በፊላደልፊያ ይገኛል፤ ለረጅም ጊዜ የራፋኤል ፒል ሥራ ነው ሲባል ኖሮ፣ በቅርብ ጊዜ ግን ሰውየው ራሱን የቆረጠበት ሊሆን እንደሚችል የሚከራከሩ የኪነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። ክርክራቸውን የሚያስደግፉት በጸጉሩ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታ መቀሱ መሣሪያው የነደፈውን መስመር ትቶ በራሱ መንገድ ሄዷል።

በዚያው በ1802 እንግሊዛዊው ቶማስ ዌጅዉድና ሃምፍሪ ዴቪ፣ የብር ጨው በተቀባ ወረቀትና ቆዳ ላይ የቅጠልና የሰው መልክ ጥላ በፀሐይ ብርሃን ማሳረፍ እንደቻሉ አስታወቁ። ነገር ግን የሚያጸኑበት ዘዴ አልነበራቸውም፤ ሥራቸውን በሻማ ጭላንጭል ካላዩት በቀር ሙሉ በሙሉ ይጠቁር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሥራውን የቀጠለው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። ታልቦት ለግኝቱ በመጀመሪያ የሰጠው ስም በግሪክኛ «ጥላን መጻፍ» የሚል ነበር። በነሐሴ 1835 በቤቱ ውስጥ ያነሣው ባለ ፍርግርግ መስኮት፣ እስከ ዛሬ ከተረፉት ኔጌቲቮች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ እርሱም ካሜራው ብርሃኑን ፊት ለፊት እያየ የተወሰደ ምስል ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ ከሲሉዌት አልራቀም፤ ከዚያው ቤት የተወለደ ታናሽ ወንድሙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሜራን ወደ ፀሐይ ማዞር ግን ለብዙ ዓመታት እንደ ስሕተት ይቆጠር ነበር። ፎቶ አንሺ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቁም የሚለው ምክር ምክንያት ነበረው። በ1850ዎቹ የተስፋፋው በኮሎዲዮን የተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ሰማያዊ ብርሃንን እጅግ ፈጥኖ ይቀበላል፤ ለቀይ ብርሃን ግን ዕውር ነው ለማለት ይቻላል። ለምድሩ የሚበቃ ብርሃን ሲሰጠው ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ለሰማዩ የሚበቃ ሲሰጠው ደግሞ ምድሩ ይጨልማል። ይህን ችግር ወደ ጥበብ የለወጠው በ1820 የተወለደው ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ነው። በ1856 በባሕር ዳር ቆሞ ካሜራውን በደመና ወደ ተከለለችው ፀሐይ አዞረ፤ ለውኃውና ለደመናው ብቻ የሚበቃ አጭር ብርሃን ሰጠው። መርከቡና አድማሱ ጠቆሩ፤ ውኃው እንደ ብር አበራ። ምስሉ በዚያው ዓመት መጨረሻ በለንደን ለትርኢት በቀረበ ጊዜ ሕዝቡ በጨረቃ ብርሃን የተነሣ መሰለው። የተነሣው በቀን ነበር። ለ ግሬ ያን ቀን ያደረገው፣ ዛሬ በዲጂታል ካሜራ የምሽት ሲሉዌት የሚያነሣ ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው፤ ከብርሃንና ከጨለማ አንዱን መረጠ፤ የመረጠውን ጠብቆ ሌላውን ለጨለማ ሰጠ።

በሚቀጥለው ዓመት በደቡብ ፈረንሳይ በሴት ወደብ «ታላቁ ማዕበል» የተሰኘውን ሥራ ሲሠራ ለሰማዩ አንድ፣ ለባሕሩ ሌላ ኔጌቲቭ አንሥቶ በአድማሱ መስመር ላይ አጋጥሞ አተማቸው። ዛሬ የእጅ ስልክ ካሜራ በቅጽበት ብዙ ምስል አንሥቶ በአንድ ላይ ሲያዋሕድ እንደ ታላቅ አዲስ ነገር የሚነገርለት ዘዴ፣ በመሠረቱ የለ ግሬ ነው። ሰውየው ግን ከጥበቡ አልከበረም። የፓሪስ ስቱዲዮው በዕዳ ተዘጋ፤ በ1860 ከደራሲው ከአሌክሳንደር ዱማ ጋር በጀልባ ተጉዞ ማልታ ላይ ተጥሎ ቀረ፤ በመጨረሻ ካይሮ ገብቶ ሥዕል በማስተማር ኖረ፤ በ1884 እዚያው ሞተ። በ1999 የ«ታላቁ ማዕበል» አንድ ኅትመት በለንደን ጨረታ ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣ።

የጀምበር ቀይ ብርሃን በፊልም ላይ ሊታይ የቻለው ቀስ በቀስ ነው። በ1873 ጀርመናዊው ሄርማን ቮገል ቀለም በመጨመር ሰሌዳው ሌሎች የብርሃን ዓይነቶችንም እንዲያይ አደረገ፤ በ1906 ሁሉን ቀለም የሚያይ ሰሌዳ በእንግሊዝ ለገበያ ቀረበ። በመካከሉ፣ በ1890፣ ሃርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፊልም ለብርሃን የሚሰጠውን መልስ ለክተው በጠመዝማዛ መስመር አሳዩ። የመስመሩ ላይኛው ጫፍ ጎንበስ ይላል፤ ይህም ማለት ብርሃኑ ሲበዛ ፊልሙ ቶሎ አይሸነፍም፣ ሸብረክ እያለ ይቀበላል ማለት ነው። ይህች ጎንበስ ያለች ጫፍ ለጀምበር ፎቶግራፍ ባለውለታ ነበረች። ዲጂታል ካሜራ አልወረሳትም።

እዚህ ላይ ስለ ጠቆረ ፊት አንድ ነገር ሳይነሣ ቢታለፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ሲሉዌት ፎቶ አንሺው ሆነ ብሎ የሚያጠቁረው ፊት ነው። ነገር ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማንም ሳይፈልገው የጠቆረ ፊትም ነበር። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶግራፍ ቤቶች ያከፋፍለው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስምም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ፊልሙም ኅትመቱም በእርሷ ቆዳ ልክ ተስተካከለ። ጥቁር ልጅና ነጭ ልጅ በአንድ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ሲቀመጡ የነጩ ፊት ይታያል፤ ከጥቁሩ የሚታየው ዓይንና ጥርስ ብቻ ይሆናል። ጉዳዩን ያጠኑት ምሁራን እንደሚሉት፣ ኩባንያውን ፊልሙን እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሻጮች ይገኙበታል፤ የሸቀጣቸው ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ አልለይ ብሏቸው ነበር። ለቁም ሣጥን የተደረገው ለሰው ፊት ሳይደረግ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። የጠቆረ ቅርጽን ውበት የሚያደንቅ ሰው፣ የትኛው ጥቁረት በምርጫ፣ የትኛው በቸልታ እንደመጣ መለየት ይኖርበታል።

በታኅሣሥ 1975 በዚያው ኩባንያ የሚሠራው ወጣቱ መሐንዲስ ስቲቭን ሳሶን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ሞከረ። መሣሪያው 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ምስሉ ከ10 ሺህ ነጥቦች ብቻ የተሠራ ሲሆን በካሴት ላይ ለመቀዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። በሙከራው ቀን የተነሣችው አንዲት የሥራ ባልደረባ ነበረች። ምስሉ በቴሌቪዥን መስኮት ሲወጣ የጸጉሯ ጥቁር ቅርጽ ታየ፤ ፊቷ ግን በዝብርቅርቅ ተሸፍኖ ነበር። ሴትዮዋ ገና ሥራ ይቀረዋል ብላ ሄደች። ሽቦዎቹ ቦታቸውን ሲለዋወጡ ፊቷ ተመለሰ። እንግዲህ የመጀመሪያው የዲጂታል ካሜራ ምስል፣ ማንም ሳያስበው፣ ሲሉዌት ሆኖ ነበር የወጣው።

የዲጂታል ካሜራ ልብ የሆነው ሴንሰር፣ ብርሃን እንደ ዝናብ የሚጠራቀምባቸው ሚሊዮን ጥቃቅን ማሰሮዎች ማለት ነው። ማሰሮው በሚዘንብበት ልክ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይፈስሳል። የፈሰሰው አይታፈስም፤ በዚያ ቦታ ያለው ሰማይ ቀለሙም ደመናውም ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ጀምበር ስትጠልቅ የሚጠበቀው ሰማዩ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ግን ይህን አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ነውና። ጥቁሩን ሰው ካሳዩት ሰማዩን ያቃጥላል፤ ፀሐይዋን ራሷን ካሳዩት ደግሞ ሁሉን ያጨልማል። ልምድ ያላቸው ሰዎች መለኪያውን ከፀሐይዋ ጎን ባለው ብሩህ ሰማይ ላይ ያነጣጥሩና የተገኘውን መጠን በእጅ ይቆልፉታል፤ ከዚያ ተመልሰው ምስሉን ያዘጋጃሉ። የሰውየው ልብስና ፊት አሁንም ጭል ጭል የሚል ከሆነ ብርሃኑን ወደ ግማሽ፣ ካስፈለገም ወደ ሩብ ይቀንሱታል። ፍላሽ ይዘጋል። የእጅ ስልክ ምስሎችን እያዋሐደ ጥላውን ለማብራት የሚያደርገው ሙከራም መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ጥቁር ሳይሆን አመድማ ሰው ይወጣል። የነጭ ሚዛኑም በራሱ ከተተወ ቀዩን ሰማይ «ያርመዋል»፤ በቀን ብርሃን ላይ ቢቆም ይሻላል።

ሥራው መሳካቱን የሚያሳየው ሂስቶግራም የተባለው ሥዕላዊ መለኪያ ነው። ጀማሪ ሰው ኮረብታው በግራ በኩል ተከምሮ ሲያይ ይደነግጣል። ለሲሉዌት ግን የግራው ክምር ሰውየው ራሱ ነው። የሚያሠጋው የቀኙ ግድግዳ ነው፤ ከፀሐይዋ ክብ በቀር ወደዚያ የሚደገፍ ነገር መኖር የለበትም።

የጠርዝ ጥራት ደግሞ የዊልያምስ መቀስ ሥራ ነው። ዝርዝር የሌለው ምስል ያለው ሀብት ጠርዙ ብቻ ስለሆነ፣ ጠርዙ ከደበዘዘ የቀረ ነገር የለም። በራሱ የሚያነጣጥር ካሜራ በፀሐይዋ ነጸብራቅ ተታልሎ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ጥቁሩና ብሩሁ በሚገናኙበት በትከሻው ወይም በጉንጩ መስመር ላይ ማነጣጠሪያውን ሲያሳርፉለት ይረጋል። የሌንሱ ቀዳዳ በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል ቢሆን መልካም ነው፤ ከኤፍ 16 በላይ እጅግ ሲጠብ ብርሃኑ በራሱ ጠባይ እየተበተነ ጥራቱን ይቀንሰዋል። የሴንሰሩ ስሜት በ100 ወይም በ200 ይያዛል። የሚራመድ ሰው በአንድ 250ኛ ሴኮንድ ይቆማል፤ ብርሃኑ ሲደክም ደግሞ ካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይውጣ። በሌንሱ ላይ ያለ የጣት አሻራ በሌላ ጊዜ አይታይም፤ በጀምበር ፊት ግን ጭጋግ ይሆናል። በረጅም ሌንስና በመስታወት መመልከቻ ፀሐይን አፍጥጦ ማየት ዓይንን የሚያሳውር ነገር መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

በኢትዮጵያ ይህን ለሚሞክር ሰው አንድ ልዩ ችግር አለ። ለ ግሬ በሰሜን ፈረንሳይ ባሕር ዳር የነበረው ጀምበር አግድም እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረበው አገር ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወድቃለች። የታችኛው ጠርዟ አድማሱን ከነካ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመጥለቅ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አትፈጅም። ቦታ መፈለግ፣ መለኪያ ማስተካከል፣ ሰው ማቆም ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ጣና ዳር የቆመ ሰው ታንኳው ወደ ፀሐይዋ መንገድ እስኪገባ ከጠበቀ ሰማዩ ሊቀድመው ይችላል።

የሚመረጠውም ቅርጽ በጠርዙ ብቻ የሚናገር መሆን ይኖርበታል። ጀበና ከጎን ሲታይ አንገቱና ጡቱ ማንነቱን ይናገራሉ፤ ከፊት ሲታይ ግን ማንኛውም ድብልብል ዕቃ ነው። ዱላውን በትከሻው አግድሞ ክንዶቹን የሰቀለበት ገበሬ በእጁና በወገቡ መካከል ሰማይ ስለሚታይ ከሩቅ ይለያል፤ ጋቢ ተከናንቦ የቆመው ግን ግንድ ይመስላል። ካሜራው ዝቅ ካለ ሰውየው ከአድማሱ በላይ ይወጣል። በዚህ ላይ ተመልካቹ ይዞት የመጣ ባህልም አለ። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። በዚያ ሥዕል ዓይኑን ያሠለጠነ ሽማግሌ፣ የጎን መልኩ ብቻ ጠቁሮ የቀረበት ፎቶግራፍ ሲያይ «ፊቴን የት አደረስከው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚገርም አይደለም።

ጀምበሯ ከመጥለቋ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች መልሱ በእጅ ነው። ፎቶ አንሺው ሰውየውን ዞሮ ያልፈውና ፀሐይዋን ከጀርባው ያደርጋል፤ ሰውየውም ወደ ምዕራብ ይመለሳል። የተቆለፈው መለኪያ ይፈታና አሁን በጉንጩ ላይ ይነጣጠራል፤ ጥቁር ፊት ከግራጫው ጥቂት ዝቅ ማለት ስላለበት መጠኑ ትንሽ ይቀነሳል። ያ ቀይ ብርሃን፣ ቅድም ሰማዩን የቀባው፣ አሁን በግንባሩ ላይ ያርፋል።